ሃላንድ ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ እንዴት ገባ?

ደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ልጆች የሚሮጡበት ቤት አለ። ፕሌይስቴሽን ቤት። ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል።

ባለፈው ሰሞን እዚያ ቁጭ ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ማንቸስተር ሲቲን ይዞ ይጫወታል። ሃላንድ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ልጁ ጆይስቲኩን እንደያዘ ዘሎ ተነሳ። ገመዱ ማሽኑን ከጠረጴዛው ሊያወርደው ምንም አልቀረው። «ኧረ ቀስ በል፣ ትሰብረዋለህ!» አለው ባለቤቱ።

እኔ ግን ዓይኔ ማሽኑ ላይ ቀረ። ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ቀጭኑ፣ ጥቁሩ፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሰረው። ሶኒ ይህን ማሽን ያወጣው በ2000 ነው። የመጨረሻዎቹ የእግር ኳስ ጨዋታዎች የወጡለት ደግሞ በ2013። ያኔ ሃላንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ሲቲ የገባው በ2022 ነው። (ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ታዲያ ማን አስገባው?

ያስገቡት በየአገሩ ያሉ የጨዋታው ወዳጆች ናቸው። የድሮውን ጨዋታ ከፍተው ስሙን፣ ማሊያውን፣ ፊቱን፣ የቡድኑን ዝርዝር ይቀይሩና በየዓመቱ ያድሱታል። ማሽኑ ግን እንዲህ የተነካካ ጨዋታ እሺ ብሎ አይቀበልም። ሶኒ ያላተመውን ዲስክ እንዲተፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ መከፈት አለበት። እኛ ክራክ ማድረግ የምንለው ይህ መክፈት በብዙ አገር ፍርድ ቤት ቆሟል። ሰው ታስሮበታል። ሕግ ተቀይሮበታል። ክርክሩን ብዙ ሰው «ሌብነት ነው» ወይም «መብቴ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱም አልዋጥልህ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ለማየት ማሽኑ ዲስኩን እንዴት እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እንነሳ። በ1994 መጨረሻ ጃፓን ላይ ወጣ። ጨዋታው በሲዲ ነበር። ሲዲ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማንም ቤቱ ሆኖ የሚቀዳው ዕቃ ሆነ። ሶኒ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር።

እስቲ አንድ የብር ኖት አውጡና ወደ ብርሃን አንሱት። ውስጡ ክር ይታያል። ፎቶ ኮፒ ማሽን የብሩን መልክ ይገለብጣል፤ ክሩን ግን አይገለብጠውም። የፕሌይስቴሽን ዲስክም እንደዚያ ክር ያለ ነገር አለው። ሲዲ ላይ መረጃ የሚሰፍረው በጣም ቀጭን በሆነ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ነው። ሶኒ ዲስኩን ፋብሪካ ውስጥ ሲያትም የመስመሩን መጀመሪያ ሆን ብሎ በጥቂቱ ያወዛውዘዋል። በውዝዋዜው ውስጥ አራት ፊደል ተደብቋል። የጃፓኑ ኤስ ሲ ኢ አይ፣ የአሜሪካው ኤስ ሲ ኢ ኤ፣ የአውሮፓው ኤስ ሲ ኢ ኢ ይላል። ማሽኑ ጨዋታውን ከማስነሳቱ በፊት ይህን ይፈልጋል። ባዶ ሲዲ ደግሞ የራሱ መስመር ከፋብሪካ ተቀርጾበት ነው የሚመጣው። የቤት መቅጃ ያንን መስመር ተከትሎ ይጽፋል እንጂ መስመሩን ማወዛወዝ አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው ምንም ሳይጎድል ይቀዳል፣ አራቱ ፊደል ግን ይቀራል። ማሽኑም እምቢ ይላል። ብዙ ሰው መከላከያው የዲስኩ ጀርባ ጥቁር መሆኑ ይመስለው ነበር። አልነበረም፤ ቅጂን የሚለየው ቀለሙ ሳይሆን ያ ውዝዋዜ ነው።

ሞድ ቺፕ የመጣችው ያኔ ነው። ከጥፍር የማትበልጥ፣ ስምንት እግር ያላት ዕቃ ናት። ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ በጥቂት ሽቦ ትበየዳለች። ማሽኑ «ፊደሉ የታለ?» ሲል እሷ ፊደሎቹን ደጋግማ ትልክለታለች። እሱ ከዲስኩ የመጣ ይመስለዋል። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቺፗ ጨዋታ አትቀዳም። ውስጧም አንድ ጨዋታ የለም። የቀዳው ሰው በሌላ ማሽን ቀድቶ ጨርሷል። ደግሞም የሁሉንም ክልል ፊደል መላክ ስለምትችል፣ ከጃፓን ሱቅ በገንዘብ የተገዛ ኦሪጅናል ዲስክ በአውሮፓ ማሽን ላይ ይሠራል። ያለሷ አይሠራም ነበር። ይህንን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። አንዱ ዘመድ ማሽኑን ከአውሮፓ ይልካል፣ ሌላው ዲስኩን ከአሜሪካ፤ ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው፣ አንድ ላይ ግን አይሠሩም።

ፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ ብየዳው ከበደ፤ ቺፗ ብዙ ሽቦ ትፈልግ ጀመር። በኋላ ግን ብየዳም ቀረ። በ2008 ፍሪ ኤምሲቡት የሚባል ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ወጣ። ማሽኑ ሲበራ ማሻሻያ ካለ ብሎ ሜሞሪ ካርዱን ያያል። ፕሮግራሙ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ከፍላሽ ይነሳል። ዲስክ አያስፈልግም።

ዲስክ አለማስፈለጉ ትልቅ ነገር ነው። ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሞባይልም ማሽንም የሚጠግን ወጣት አለ። አንድ የተፈታ ፕሌይስቴሽን 2 አሳየኝ። ሌንሷ የምስር ፍሬ ታህላለች። «የምትሞተው ይቺ ናት» አለኝ። አቧራ ይገባል፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፣ ሌዘሩ ይደክማል። በጥጥና በአልኮል ይጠርጋታል። እሱም አልሆን ሲል ከሞተ ማሽን ሌላ ነቅሎ ይተካል። የሚነቀል ሲያልቅስ? ሜሞሪ ካርድ ይጭንና ወደ ፍላሽ ያዞረዋል። እሱ ዘንድ ማሽን ለማስከፈት ከሚመጣው ሰው ብዙው ሌንስ የሞተበት ነው። መክፈቱ ጥገናው ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የቅጂ መብት ሕግ ድሮም ነበር። ሥራን ያለ ፈቃድ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ዲጂታል ሲመጣ የሥራ ባለቤቶች ይህ አልበቃን አሉ። አንዱ እስኪያዝ ሺህ ቅጂ ይበተናል። ስለዚህ ቁልፉ ራሱ በሕግ ይጠበቅልን አሉ። በ1996 ጄኔቫ ላይ፣ በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ሥር በተፈረመ ስምምነት ይህ ገባ። አሜሪካ በ1998 ዲኤምሲኤ በተባለው ሕጓ አጸናችው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 መመሪያ አወጣ።

ለውጡ ቀላል አይደለም። የድሮው ሕግ «እህሉን ማን ወሰደ?» ብሎ ይጠይቃል። አዲሱ «የጎተራውን ቁልፍ ማን ነካ? መክፈቻውንስ ማን ሠርቶ ሸጠ?» ይላል። ጎተራው የራስህ ቢሆንም፣ ከውስጡ አንድ ቁና ባይወጣም።

ይህን ነገር ሥሩ ድረስ ያየው የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ነው እላለሁ። ኤዲ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ቺፕ ይሸጥና ይገጥም ነበር። ሶኒ ከሰሰው። በ2002 የመጀመሪያው ዳኛ ለስቲቨንስ ፈረደ። በ2003 ይግባኝ ሰሚዎቹ ለሶኒ ፈረዱ። በ2005 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ ጉዳዩን የሰሙት ዳኞች በሙሉ ተስማምተው፣ ለስቲቨንስ መለሱት።

ነገሩን እንዲህ አዩት። የያኔው የአውስትራሊያ ሕግ የሚጠብቀው የቅጂ መብት መጣስን የሚከላከል ቁልፍን ነው። የሶኒ ቁልፍ ግን መቅዳትን አይከላከልም። ዲስኩ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ቅጂው ተሠርቶ አልቋል። ቁልፉ የሚያግደው መጫወትን ነው። ሶኒ «የተቀዳው የማይሠራ ከሆነ ማን ይቀዳል? ስለዚህ ይከላከላል» አለ። ዳኞቹ ሰውን ተስፋ ማስቆረጥና መከላከል አንድ አይደሉም ብለው መለሱ። ሶኒ ሌላም ነበረው። ጨዋታው ሲሠራ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ወደ ማሽኑ ጊዜያዊ ማኅደር (ራም) ይገባል፣ ይህም መቅዳት ነው አለ። ይህንንም አልተቀበሉትም። ከዳኞቹ አንዱ፣ ዳኛ ከርቢ፣ የክልል ቁልፉንም አነሱ። በሌላ አገር በሕግ የተገዛ ዲስክ እንዳይሠራ የሚያደርግ ነገር ከቅጂ መብት ጋር ምን አገናኘው?

ፍርዱ ግን ዕድሜው አጠረ። አውስትራሊያ ከአሜሪካ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ተፈራርማ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ሕጓን አጠበቀች፤ ከ2007 ጀምሮ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ቢሆንም ሕግ አውጪዎቹ ከዳኞቹ አንድ ነገር ተምረዋል። የጨዋታ ዲስክን በክልል ለመለያየት ብቻ የተሠራ ቁልፍ በአዲሱ ሕግ አይጠበቅም ብለው ጻፉ።

እንግሊዝ ውስጥ ያው ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ተገለበጠ። በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጊልሃም በተባለው ጉዳይ፣ በጨዋታ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች ራሳቸው ቅጂ ናቸው አለ። የቺፕ ሻጩ ጥፋተኝነት ጸና። የማሽኑ አሠራር አንድ ሆኖ አንዱ አገር ነፃ ያወጣውን ሌላው አገር ፈረደበት።

አሜሪካ ጉዳዩን ወደ ወንጀል ወሰደችው። ማቲው ክሪፐን የተባለ ወጣት የማይክሮሶፍትን የጨዋታ ማሽን ኤክስቦክስ 360ን በገንዘብ ስለከፈተ ተከሶ በ2010 ሎስ አንጀለስ ላይ ችሎት ቀረበ። ችሎቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሳ። ዳኛው ከመጀመሪያው በዐቃቤ ሕጉ አካሄድ ተቆጥተው ነበር። ኋላም አንድ ምስክር ቀድሞ ለተከሳሽ ያልተነገረ ነገር ይዞ መጣ፤ ክሪፐን የተቀዳ ጨዋታ ሲያስገባ አይቻለሁ አለ። ክሱ በዚያው ፈረሰ።

የሌላው የጃፓን የጨዋታ ኩባንያ፣ የኒንቴንዶ ጉዳይ ግን ሰው እስር ቤት አስገብቷል። ቲም ኤክሴኩተር የሚባል ቡድን ስዊች የተባለውን የኒንቴንዶ ማሽን የሚከፍት ዕቃ ሠርቶ ይሸጥ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ጋሪ ባውዘር በ2020 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተያዘ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 40 ወር ተፈረደበት። ለኒንቴንዶ 4.5 ሚሊዮን ዶላር በወንጀሉ፣ 10 ሚሊዮን ደግሞ በፍትሐ ብሔሩ እንዲከፍል ተወሰነ። ቡድኑ ንግድ ነበር። የተቀዳ ጨዋታ ለማጫወት እንዲያመች አድርጎ ነበር የሚሸጠው። ለዚህ አላዝንለትም። ዕድሜ ልክ ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ አንድ ሰው ላይ መጫን ግን ከልክ ያለፈ ነው እላለሁ።

የፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ ይለያል። ሶኒ ማሽኑን ሲሸጥ ሊነክስ (ማሽኑን እንደ ኮምፒዩተር የሚያሠራ ነፃ ሲስተም) መጫን ትችላላችሁ ብሎ ነበር። ሰው አምኖ ገዛ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሳይቀር ከ1,700 በላይ ማሽን ገጣጥሞ ሱፐር ኮምፒዩተር ሠራበት። በሚያዝያ 2010 ሶኒ በአፕዴት ያንን አነሳው። አፕዴቱን ያልጫነ ኦንላይን መጫወት አይችልም። ብዙዎቹ ቁልፍ ፈቺዎች የተነሱት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጥቂት ሰዎች ጀርመን ላይ ስህተቱን ይፋ አደረጉ። ሶኒ እያንዳንዱን ፕሮግራም በሚስጥር ቁጥር ይፈርምበታል። ፊርማው በየጊዜው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይፈልጋል። ሶኒ ያንኑ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ተጠቅሞ ተገኘ። ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሒሳብ የሠራ ሰው ሚስጥሩን ማውጣት ይችላል። ጆርጅ ሆትዝ የማሽኑን ዋና ቁልፍ በጥር 2011 አወጣ፤ ሶኒም ወዲያው ከሰሰው። በዚያው ዓመት ተስማሙ፤ እሱ ዳግመኛ የሶኒን ዕቃ ላይነካ። ሊነክስ የተነጠቁት ገዢዎችም በበኩላቸው ሶኒን ከሰው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ኩባንያው ካሳ ለመክፈል ተስማማ። የዕቃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ራቁቱን ወጣ።

አውሮፓ ውስጥ ለኔ ሚዛን የሚደፋው የ2014ቱ ውሳኔ ነው። ኒንቴንዶ ፒሲ ቦክስ የተባለ የጣሊያን ሻጭ ከሶ ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ቁልፉ በሕግ ይጠበቃል አለ። ግን የአገሩ ዳኛ ሁለት ነገር ይመርምር ብሎ ጨመረ። አንደኛ፣ የሰውን ሌላ ሥራ ሳይዘጋ ቅጂን ብቻ የሚያግድ የተሻለ ቁልፍ ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ሰዎች መክፈቻውን በእውን ለምን ይጠቀሙበታል?

አሜሪካም በ2021 ትንሽ ላላ አለች። በአዳዲስ ማሽኖች የዲስክ ማጫወቻው ከማዘርቦርዱ ጋር በኮድ የተጣመረ ነው። ማጫወቻው ሲበላሽ ከሌላ ማሽን ነቅላችሁ ብትገጥሙ አይሠራም። ያ የደብረ ብርሃኑ ወጣት በፕሌይስቴሽን 2 የሚሠራውን ሥራ እዚያ ላይ መሥራት አይችልም። ስለዚህ የዲስክ ማጫወቻ ለመጠገን ቁልፉን ማለፍ ተፈቀደ፤ ሲጨርሱ ቁልፉን ወደ ቦታው መመለስ ግዴታ ነው። ጉድለቱ ግን ማለፊያ መሣሪያውን መሸጥ አሁንም ክልክል መሆኑ ነው። መጠገን ተፈቅዶ መፍቻው ተከለከለ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥሩ 410/1996 ነው። ይህ 1996 የኛ ነው። በአዋጅ 872/2007 (ይህም ዓመት የኛ ነው) ተሻሽሏል። አዋጁ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመሳሰሉት ጋር እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። የፕሮግራሙ ሕጋዊ ባለቤት ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥም ይፈቅዳል።

የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ይህንን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ወይስ ፍላሹን የሞላልኝ?» አለኝ።

የማስበውን ሳልሸሽግ ነገርኩት። ማሽኑ ያንተ ነው፣ ገዝተኸዋል። ከፍተህ ብትጠግነው፣ ሌንስ ሲሞት በፍላሽ ብታስነሳው፣ ከሌላ ክልል የመጣ ዲስክ ብታጫውትበት ማንንም አልጎዳህም። ሕግም ይህንን መቅጣት የለበትም። ፍላሹ ላይ ያለው ጨዋታ ግን የሠሩት ሰዎች ድካም ነው። አንተ ደግሞ በየጨዋታው ሒሳብ ትቀበልበታለህ፤ ለግሌ ነው አይባልም። ሁለቱን ለየብቻ ማየት ነው።

«እሺ፣ ኦሪጅናሉን ከየት ልግዛ?» አለኝ።

ልክ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 መመረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ እንግዛ ብንል፣ የሶኒ የኦንላይን መደብር አካውንት ስንከፍት ከሚሰጠን የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልግዛ ላለ ሰው በሩን ዘግቶ በመስኮት ገባ ብሎ መክሰስ አይሆንም። የጨዋታ ኩባንያዎች ይህንን መስማት አለባቸው።

ባለቤቱ ከመሳቢያው አንድ ዲስክ አወጣ። በቤቱ ያለ ብቸኛው ኦሪጅናል ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ሁለተኛ እጅ የገዛው፣ የመኪና እሽቅድምድም። ሌንሱ ገና ደህና በሆነው ማሽን ላይ ሜሞሪ ካርዱን ነቅለን ከተትነው። ተሽከረከረ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ዲስኩ የአሜሪካ ነው፣ ማሽኑ የአውሮፓ። ወደ ጥገና ቤቱ ይዘነው ሄድን። ወጣቱ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ወደ ፍላሽ አዞረው። ተመልሰን ሜሞሪ ካርዱን መልሰን፣ ፍላሹን ሰክተን አበራነው። መኪኖቹ ተሰልፈው ወጡ። ሃላንድን ሲያጫውት የነበረው ልጅ ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደ።